ጥናቱ ከነሶፍትዌሩ ይቀመጥ

እ.ኤ.አ. በ2017 በባርሴሎና የሚሠሩ የጂኖም ተመራማሪዎች «ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሌይሽማኒያ ኢንፋንተም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋሲ የዘረመል መረጃ ወስደው፣ ጂኖቹን ለይቶ በሚያወጣ ፕሮግራም አንድ ጊዜ በማክ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአማዞን ሊኑክስ ላይ ተነተኑት። ዳታው ያው፣ ፕሮግራሙም ያው ነበር። የጂኖቹ ዝርዝር ግን በሁለቱ ማሽኖች ላይ አልገጠመም። ሥራውን ዶከር በተባለው ፕሮግራም ወደ ኮንቴይነር አስገብተው ሲያስኬዱት ሁለቱም አንድ ዓይነት ውጤት ሰጡ።

ልዩነቱ በመጠን ትንሽ ነው። ነገር ግን የዚህ ተሕዋሲ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ በመተማና በሁመራ ቆላ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን በካላዛር የሚጥለው ነው። በጎንደር የተገኘ የተሕዋሲ ናሙና ከሱዳኑ ወይም ከሕንዱ ጋር ሲነጻጸር፣ የታየው ልዩነት የተሕዋሲው ይሁን የኮምፒዩተሩ መለየት ካልተቻለ ንጽጽሩ ምን ይረባል?

ችግሩ የሚመነጨው ፕሮግራም ብቻውን የማይሠራ በመሆኑ ነው። ከሥሩ ለምሳሌ ፓይተን አለ፤ ከፓይተኑ ሥር ላይብረሪዎች፣ ከእነሱም ሥር የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፋይሎች አሉ። አንዱ አፕዴት ሲደረግ ሌላው ይሰበራል፤ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ ሳይሰበር የተለየ ቁጥር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር ይህን ሁሉ ከነቨርዥኑ «ኢሜጅ» በተባለ አንድ ጥቅል አሽጎ ይይዛል፤ ጥቅሉ ሲሠራ ኮንቴይነር ይባላል። ተመራማሪው ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ኢሜጅ ያወርድና ዳታው ያለበትን ፎልደር ያሳየዋል፤ ከዚያ አንድ ትእዛዝ ይጽፋል። ሥራው ሲያልቅ ውጤቱ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀራል፤ ኮንቴይነሩ ይዘጋል። ከራሱ ከዶከር በቀር በላፕቶፑ ላይ አንድም ነገር መጫን አላስፈለገውም። ለሥነ ሕይወት ምርምር ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች «ባዮኮንቴይነርስ» በተባለው ክምችት ተዘጋጅተው በነጻ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ እያለ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገባ ሶፍትዌሩ አብሮ ሲጠየቅ እምብዛም አይታይም። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቁጥሮቹን ያወጣው ስሌት ግን ከተማሪው ላፕቶፕ ጋር ይሄዳል። ይህ መለወጥ አለበት።

የኢንተርኔት ነገር ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። አንድ ኢሜጅ ከመቶዎች ሜጋባይት እስከ በርካታ ጊጋባይት ይደርሳል። በዚያ ላይ ዶከር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ አካውንት ሳይከፍቱ ለሚያወርዱ ሰዎች በ6 ሰዓት የ100 ጊዜ ገደብ ሲጥል ቆጠራው በአይፒ አድራሻ ነበር። መላው ግቢ በአንድ አድራሻ የሚወጣ ዩኒቨርሲቲ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል ማለት ነው፤ ጠዋት አንድ ላብራቶሪ ኮታውን ከጨረሰው ሌላው ይጠብቃል። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። በግቢው ውስጥ አንድ ሰርቨር ላይ የኢሜጅ ማከማቻ ማቋቋም ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው። አንዴ የወረደው ኢሜጅ ከዚያ በኋላ ለሁሉም በውስጥ ኔትወርክ ይዳረሳል፣ ኔትወርክ በሌለበትም በፍላሽ ይሄዳል። ዶከር በተለምዶ የሚጠይቀውን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለተማሪ መስጠት የማይፈልግ የኮምፒዩተር ማዕከል ደግሞ አፕቴይነር የተባለ ሌላ የኮንቴይነር ፕሮግራም አለለት፤ ኢሜጁ አንድ ፋይል ነው፣ በተራ ተጠቃሚ ስምም ይሠራል።

ኮንቴይነር የተሳሳተ ስሌትን አያርምም። ስህተቱንም በታማኝነት ይደግመዋል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ኢሜጅ ማውረድም የማይታወቅ ሰው ፕሮግራም መጫን ነው። ከሁሉ ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳስተው በኢሜጁ ስም ላይ የሚለጠፈው «ሌተስት» የሚለው የቨርዥን ምልክት ነው፤ ዛሬ የሚያመለክተው ኢሜጅ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መመዝገብ ያለበት ከኢሜጁ ይዘት የሚሰላው «ሻ-256» የተባለው አሻራ ነው፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣልና።

ለመጀመር የሚኒስቴር መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የትምህርት ክፍል በሚቀጥለው የምረቃ ዙር ከጽሑፉ ጋር ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፦ የኢሜጁን ፋይል፣ ኢሜጁ የተሠራበትን የትእዛዝ ዝርዝርና አሻራውን። ፈታኙም ተማሪው ጽሑፉን ከሚከላከልበት ቀን በፊት ስሌቱን በራሱ ማሽን አስኪዶ፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር መውጣት አለመውጣቱን ያያል።