የብልግና ፊልምና የልጆቻችን አእምሮ፦ ዝምታችን ማንን ጠቀመ?

ብሪታንያ ከጁላይ 25 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብልግና ፊልም የሚያሳዩ ድረ-ገጾች የተመልካቹን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ በሕግ አስገድዳለች። ከአንድ ወር ገደማ በፊት ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ግዴታ የጣለውን የቴክሳስ ግዛት ሕግ አጽንቷል። የግል ነጻነትን ከሁሉ የሚያስቀድሙ አገሮች እዚህ የደረሱት ለምንድን ነው?

የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር በ2023 መጀመሪያ ያወጡት ሪፖርት አንዱን ምክንያት ይነግረናል። ወጣቶች ይህን ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩበት አማካይ ዕድሜ 13 ነው። ከ10ሩ አንዱ ገና በ9 ዓመቱ አይቶታል። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ቢሊ አይሊሽም ከ11 ዓመቷ ጀምሮ ታይ እንደነበር፣ አእምሮዋን እንደጎዳውና ለቅዠት እንደዳረጋት በ2021 በሬዲዮ ተናግራለች።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከንጽጽር ነው። በፊልሙ የሚታየው ሰውነት ተመርጦ፣ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎ፣ በመብራትና በካሜራ ተውቦ የቀረበ ነው። ልጁ ግን ይህን አያውቅም፤ ራሱን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ጎዶሎ ነኝ ይላል። ልጅቷም አላህ የሰጣትን ተፈጥሮ እንደ ጉድለት ትቆጥራለች። ትዳር ሲመጣ ደግሞ ሚዛኑ የትዳር ጓደኛ ላይ ይዞራል። አዘውትሮ ማየትና በራስ ሰውነት አለመርካት አብረው እንደሚታዩ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። በእርግጥ ብቸኝነትና ጭንቀት ያለበት ሰውም መሸሸጊያ ፍለጋ ወደዚያው ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ጭንቀቱ ብሶ ይጠብቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከቁጥጥር የወጣ የወሲብ ባህሪን እንደ ሕመም አስፍሯል። ሰውየው ለማቆም ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው፣ ሥራው፣ ትምህርቱና ቤተሰቡ ሲጎዳ፣ ይህም ለወራት ሲዘልቅ ማለት ነው። በኃጢአቱ መጸጸት ብቻውን ግን ሕመም እንዳልሆነ መዝገቡ በግልጽ ለይቷል። ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ጸጸት የኢማን ምልክት ነው፤ ወደ ተውባ ይመራል። ከአላህ እዝነት ተስፋ መቁረጥ ግን ሰውየውን መልሶ ወደ ስልኩ ይገፋዋል።

ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አስተማሪ ሳለሁ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርቶ፣ «ኡስታዝ፣ ስልኬ ላይ የማየውን መተው አቃተኝ፤ አላህ ዱዓዬን ይቀበለኛል?» አለኝ። ስለ ቅጣት ረጅም ዳዕዋ አደረግኩለት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ዳግም አላናገረኝም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያደረጉት ሌላ ነበር። አንድ ወጣት መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት ሲጠይቃቸው፣ ሰዎች ተቆጡት፤ እሳቸው ግን አቅርበው አስቀመጡት፣ ለእናቱና ለእህቱ ይወደው እንደሆነ በእርጋታ ጠየቁት፣ እጃቸውን አኑረውበትም ዱዓ አደረጉለት። ሐራሙን ሐላል አላሉትም፤ ልጁንም አላባረሩትም።

የብሪታንያ ሕግ ልጆቻችን ከስልክ ወደ ስልክ ወደሚቀባበሉት ቪዲዮ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ወላጅና ኡስታዝ ነው። ሱረቱ አን-ኑር ዓይንን ስለመስበር ሲያዝ ከወንዶች ጀምሮ ሴቶችን ያስከትላል፤ ትምህርቱም ለወንድም ለሴትም ልጆቻችን ይድረስ፣ ሳያዩት በፊት። ሌሊት ስልክ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ የአባትም ስልክ ጭምር። መተው ያቃተው ሰው ከተውባው ጎን ለጎን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክር። ለሕክምና ብሎ ችግርን መናገር ወንጀልን በአደባባይ ማውራት አይደለም።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢመለስ መጀመሪያ የምለው «አዎ፣ ይቀበልሃል፤ ተቀመጥ እስቲ እናውራ» ነው።