ማኅበር ለአነስተኛ ገበሬ ቤት የሚሰጠው ጥቅም

ሁለት ወይም ሦስት ላም ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ጋራ ቢያብር ከብቱና መሬቱ አብልጠው ይሰጡታልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ በዴንማርክ አገር ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1870 ዓ.ም. ወዲህ ከአሜሪካና ከሩሲያ የሚመጣው ርካሽ እኽል ዋጋውን ስለ ጣለባቸው፥ የዴንማርክ ገበሬዎች ፊታቸውን ወደ ላምና ወደ ዐሣማ መለሱ። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ቅቤያቸው ሁለት ዐይነት ነበረ። የባላባቶቹ ቅቤ ከብዙ ላሞች በአንድ ቀን ታልቦ በሠለጠነ ሰው ስለሚናጥ በእንግሊዝ ገበያ ይወደድ ነበር። የድኻው ገበሬ ሚስት ግን ጥቂቱን ወተት ለብዙ ቀን አጠራቅማ ስለምትንጠው፥ ነጋዴው የአንዷን ከሌላዋ ቀላቅሎ በዝቅተኛ ዋጋ ይወስደው ነበር። ይህም የወተቱ ማነስ ነው እንጂ የሴቲቱ ስንፍና አልነበረም።

በ1878 ዓ.ም. ስልባቦትን ከወተት በመሽከርከር የሚለይ መኪና ተሠራ፤ ዋጋው ግን ላንድ ቤት የሚቻል አልነበረም። በ1882 ዓ.ም. በምዕራብ ዩትላንድ በዬዲንግ የሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር አቁመው በኅብረት ያንጡ ጀመር። ከዚያም በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ ማኅበሮች በመቶ ተቈጠሩ። አባሉ ለቤቱ ከሚበቃው በቀር ወተቱን ሁሉ ያመጣል፤ ገንዘቡንም ባመጣው ልክ ይቀበላል። ስልባቦቱ የወጣለት ወተት ወደየቤቱ ተመልሶ ለዐሣማ መኖ ይሆናል። በስብሰባ ላይ ግን ድምፅ የሚቈጠረው በሰው እንጂ በከብት አይደለም፤ ሃምሳ ላም ያለውና ሁለት ላም ያለው እኩል ናቸው። ባለሃምሳው ይህን ወድዶ መቀበሉ ሳያስደንቅ አይቀርም።

እንዲህ ሆኖ የትንሹ ገበሬ ቅቤ ከባላባቱ ቅቤ ጋራ ተስተካከለ። ወተቱ እውነተኛ ዋጋ ስላገኘም ገበሬው በክረምት ላሙን አብልጦ መቀለብ ጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በቫየን የከብት መቈጣጠሪያ ማኅበር ቆመ። የማኅበሩ ሠራተኛ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የእያንዳንዷን ላም ወተትና ቀለብ ይመዝናል፤ የቅባቱንም መጠን ይመረምራል። ከምትሰጠው ይልቅ የምትበላው የበዛ ላም በመዝገቡ ትጋለጣለች። ባለቤቱ ለብዙ ዘመን ሲወዳት የኖረችው ላም አንዳንድ ጊዜ እርስዋው ሆና ትገኝ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሬቱም ላሟም ከቤተ ሰቡ እጅ አልወጡም፤ በአገራችን ደቦና ወንፈልም እንደዚሁ ነው። በደርግ ዘመን የቆሙት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን መሬቱንና በሬውን የጋራ አደረጉ። ማዳበሪያና ብድር በቅድሚያ እየተሰጣቸው እንኳ ምርታቸው ለራሱ ከሚያርሰው ገበሬ አልበለጠም። እንደ እኛ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ፥ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 147 አባልነት በፈቃድ እንዲሆንና አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደነገገ።

የቤተ ሰብን ነገር ስለምንጽፍ አንድ ጕዳይ ሳናነሣ አናልፍም። ቅቤ በገጠር የሴት ገንዘብ ነው፤ ጨውና በርበሬ፥ የልጅም ልብስ የሚገዛው በእርሱ ነው። ወተቱ ወደ ማኅበር ሲሄድ ግን ሒሳቡ የሚከፈለው ስሙ በመዝገብ ለተጻፈው ሰው ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ባልዮው ነው። በዴንማርክም ቅቤ ማውጣት ከሚስቶች እጅ ወጥቶ ደመወዝተኛ ወንዶች ይዘውታል። እንግዲህ በየወረዳው ማኅበር የምታቋቁሙ ሹማምንት፥ መዝገቡን በከፈታችሁ ጊዜ ላሟን የምታልበው ሴት ስሟ በየትኛው መስመር ላይ እንደ ተጻፈ ተመልከቱ።