ዳይሃርድ ነኝ ለሚሉ



ኳስ በሚታይበት ቤት ጎራ ካሉ «እኔ እኮ የአርሰናል ዳይሃርድ ነኝ» የሚል ከጎንዎ አይጠፋም። ምናልባትም ባዩ እርስዎ ነዎት። «ቀንደኛ ደጋፊ» እያለልን ምን አዋሰን ብዬ አልሟገትም። ቃሉ የተወለደው ግን ስታዲየም ሳይሆን መስቀያ ሥር መሆኑን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ታይበርን በተባለ ቦታ ወንጀለኛ በአደባባይ ይሰቀል ነበር። የዚያ ዘመን ገመድ አንገት ሰብሮ አይገላግልም፤ ቀስ እያለ ያንቃል። ወዳጅ ዘመድ ስቃዩን ለማሳጠር የተሰቀለውን እግር ይዞ ቁልቁል እስከ መጎተት ይደርስ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሳይርበተበትና ሳይለምን የሄደውን «ጠንክሮ ሞተ» ይሉታል። ዳይ መሞት ነው፣ ሃርድ ደግሞ ጠንክሮ።

ሌባ የተሞገሰበት አነጋገር የጦር ሜዳ ማዕረግ ያገኘው ሜይ 16 ቀን 1811 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ፣ አልቡኤራ ላይ ነው። እንግሊዞችና አጋሮቻቸው ከናፖሊዮን ጦር ጋር ተፋጠጡ። የ57ኛው ሬጅመንት አዛዥ ኮሎኔል ዊሊያም ኢንግሊስ አንገቱን ተመታ። ወደ ኋላ እናውጣህ ቢሉት፣ ወይ ፍንክች! ከባንዲራው ሳይርቅ «57ኛ፣ ጠንክራችሁ ሙቱ!» እያለ ሰልፉን አጸና። ከ570 ገደማ ወታደሮቹ 422ቱ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ሬጅመንቱ «ዳይሃርዶቹ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ኮሎኔሉ ራሱ ድኖ እስከ 1835 መኖሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

እንግዲህ በኔ ሚዛን፣ ቡድኑ ሲመራ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሁሉ ይህ ስም አይገባውም። በ80ኛው ደቂቃ 3 ለ 0 እየተመራ ከወንበሩ ያልተነሳውን ይጥሩበት።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1911 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት የሎርዶች ምክር ቤት ሕግ የመጣል ሥልጣንን የሚቀንስ ረቂቅ አቀረበ። እምቢ ካላችሁ አዳዲስ ሎርዶች ሾመን እናጥለቀልቃችኋለን ተባሉ። ብዙዎቹ እያጉረመረሙም ቢሆን አፈገፈጉ፤ በአዛውንቱ ሎርድ ሃልስበሪ የሚመሩት ግን «ሞተን እንገኛለን» አሉ። 131 ለ 114 ተሸነፉ። እነሱም ዳይሃርድ ተባሉ፤ ይህኛው ግን ሙገሳ ብቻ አልነበረም፤ ዘመኑ እንዳለፈበት የማይገባው ማለትም ነበረ። ቃሉ እስከ ዛሬ በፖለቲካ መንደር ይህን ጠረን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የውጭ ዜና የምትተረጉሙ ወዳጆቼ፣ «ዳይሃርድ ፖለቲከኛ» ሲገጥማችሁ «ጽኑ» ብላችሁ አትለፉት። አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ግትር» ነው።