ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ

አንድ የቤተሰብ አባት ከአባታቸው የወረሱትን አሮጌ የላንድክሩዘር ፒካፕ ለማደስ ተነሥተው፥ ለቀለሙና ለወንበሩ ገንዘብ ከመደቡ በኋላ፥ ፍሬኑን ግን «አባቴ በዚሁ ታምቡር ሲነዱ ኖረዋል» በማለት እንዳለ ሊተዉት ማሰባቸውን አጫወቱን። ልጃቸው በዲስክ ይለወጥ ቢላቸው የጌጥ ነገር መስሏቸው ነበር። ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ ወር ልንመለከተው ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩት እነዚህ ፒካፖች በአራቱም እግራቸው ያላቸው የታምቡር ፍሬን ነው። ይኸውም ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ቅስት ብረቶች ወደ ውጭ እየተከፈቱ የሚሽከረከረውን ታምቡር ከውስጥ ተጭነው ያቆሙታል። በሜዳ መንገድ በጎ ሥራ ይሠራል። ዳሩ ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ደጋግሞ ሲያዝ ሙቀቱ በውስጥ ይታመቃል፤ ታምቡሩ በግለት እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ያን ጊዜ ነጂው ፔዳሉን ቢረግጥ መኪናው አይታዘዝለትም። ዲስክ ግን ለነፋስ የተገለጠ ሳሕን ሆኖ ከሁለት ወገን ስለሚጨመቅ ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃም ከላዩ ይራገፋል። በአሜሪካ ሸቭሮሌት ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ለቀላል ፒካፖቹ የፊት ዲስክን መደበኛ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም ለውጡ በግማሽ የቀረ እንደ ሆነ ከአሮጌው ይብሳል። ታምቡር በገዛ ሽክርክሪቱ ራሱን ስለሚያግዝ በቀላል እግር ይይዛል፤ ዲስክ ይህ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ሰርቮ ይሻል። ለታምቡር የተሠራው የፍሬን ፖምፓም በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ስላለው፥ ዲስኩ ሳይለቀቅ እየታከከ ይግላል። ስለዚህ ለፊት ዲስክና ለኋላ ታምቡር የሚስማማ፥ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው እንዲይዝ ለሁለት የተከፈለ ፖምፓ ይግባ። የኋላው ጎማ ቀድሞ ተይዞ መኪናውን እንዳያንሸራትት ግፊቱን የሚመጥን ቫልቭ ይታከል። ቸርኬው ካሊፐሩን እንዳይነካ አስቀድሞ ይለካ። አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና አቧራው በአየር አይነፋ፤ ልጆችም አይቅረቡ። የፍሬን ዘይቱም ይለወጥ፤ ዶት 3 የሚባለው ገና አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በባለቤቱ ላይ ነውና። ለመኪና መከታው ፍሬን ነው። ከኋላ የሚሳፈሩት ልጆቻችን ብቻ ሳይሆኑ፥ አህያውን እየነዳ በመንገድ ዳር የሚሄደው የማናውቀው ባልንጀራችንም በእጃችን አደራ ነው። ስንነሣ ማማተባችን የተገባ ነው፤ ሊጠገን የሚችለውን ሳንጠግን ማማተብ ግን አምላክን መፈታተን ይሆናል።

እኒያ አባት ቀለሙን ለከርሞ አቆይተው መኪናውን ፍሬን ወደሚያውቅ መካኒክ ወስደዋል። ቁልቁለት ሲደርሱ ግን አባታቸው ያደርጉት እንደ ነበረው በከባድ ማርሽ እንዲወርዱ አደራ ብለናቸዋል፤ ይህን ልማድ ዲስክም አይሽረውምና።