ቢላዋው ይቆይ፣ ክትባቱ ይቅደም

በሬ በድንገት ታሞ ሲወድቅ በገጠራችን አስቀድሞ የሚፈለገው ቢላዋ ነው። በክት ሳይሆን ቶሎ ይታረድ ይባላል፤ ጎረቤትም ባለበሬው ባዶ እጁን እንዳይቀር መደብ መደቡን ወስዶ ገንዘብ ያዋጣል። ደግነት ነው። አባ ሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ ሰው የሚሻገረውም በዚሁ በር ነው፤ በሚያርደው እጅ፣ በሚገፈፈው ቆዳ፣ በሚበላው ሥጋ። ደሙ የፈሰሰበት አፈር ተህዋሲውን ለአሥርተ ዓመታት ይዞ ይቆያል፤ ነገ እዚያ የሚግጠው ጥጃ ይታመማል። ሥጋውን መቀቀልም አያስተማምንም።

የሚያንገበግበኝ መከላከያው በእጃችን መኖሩ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ሉዊ ፓስተር ፈረንሳይ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት 24 የተከተቡ በጎችን በሕይወት አሳየ፤ ያልተከተቡት ሞተው ወይም እያጣጣሩ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ማክስ ስተርን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መከላከያ ሽፋኑን ያጣ፣ ከብቱን ሳያሳምም አቅም የሚሰጥ የተህዋሲውን ዝርያ ለየ። ዛሬም ከብት የሚከተበው በዋናነት በዚሁ ዝርያ ነው፤ ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል።

እንግዲህ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚህ ሳምንት አግኙና የክትባት ቀን አስቆርጡ። በየዓመቱ ይደገማል፤ በአካባቢያችሁ በሽታው ከሚነሳበት ወቅት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቅደም። ክትባቱ ሕይወት ያለው ተህዋሲ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ያከሽፈዋል፤ ከብታችሁ ሰሞኑን ተወግቶ ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። ከተማም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ወደ ቤተሰብ ስትደውሉ ከብቶቹ መከተባቸውን ጠይቁ።

በድንገት የሞተ፣ በተለይም ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣው ከብት አይከፈት፣ አይገፈፍ፣ ለውሻም አይጣል። ባለሙያው እስኪደርስ ልጆችን አርቁ። ከብት ነክቶ መሃሉ የጠቆረ፣ የማያም ቁስል የወጣበት ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል።

ለእድር ዳኞች ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። ባለበሬውን ወደ ቢላዋ የሚገፋው ኪሳራው ነው፤ እሱን ሳናቃልል አትረድ ብንለው አይሰማንም። ስለዚህ በመጪው ስብሰባችሁ ይህን ወስኑ፤ ከብቱን አስከትቦ ሳለ በአባ ሰንጋ ተጠርጥሮ ሳይታረድ ለሚቀበርበት ጎረቤት፣ ለመደብ እንከፍል የነበረውን ገንዘብ ሥጋ ሳንካፈል እንስጠው።