ደባርቅ ውስጥ ያለው ፊልም

ፍቅርንና ሕመምን ያጣመረ ልብ ሰቃይ ፊልም የሚመኝ ደራሲ ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ወደ ደባርቅና ዳባት ይውጣ። የአማርኛ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያመጡት ፍቅረኞቹን ለማስለቀስ ብቻ ነው፤ በሽታው ስምም መንገድም የለውም። እዚህ ግን ሁለቱም አሉት። የደጋው ወጣት ገንዘብ ፍለጋ ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል፤ ከእነዚህ መካከል ጎጆ ሊወጣ ያሰበ፣ እጮኛውን ያስጠበቀ አይጠፋም። ሌሊት በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ወይም ግራር ሥር ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። ዝንቧ የምታስተላልፈው በሽታ፣ ካላዛር፣ ወዲያው አይታወቅም። ወራት ቆይቶ፣ ምናልባትም ሠርጉ ሲቃረብ፣ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፤ ቤተሰቡ ወባ ነው ይላል። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል፤ ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ሕክምና ደግሞ ለ17 ቀናት በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ የጊዜ ሩጫ ምን አለ? የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. እስከ ካን የፊልም ፌስቲቫል ድረስ የተጓዘው የገጠሩን ኑሮ አክብሮ ስላየ ነው። ለካላዛሩም ታሪክ ይህ ክብር ይገባዋል። ጸሐፊው መጀመሪያ ከጎንደር ሐኪሞች ጋር ይቀመጥ፤ ፊልሙም ወጣቶቹ ለአረም ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት፣ በሰኔ፣ ደባርቅ ላይ ይታይ።