መስመር በሌለበት ግንባር ላይ መርፌ

የፊት መሸብሸብ ሳይመጣ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ቦቶክስ ጀምሩ የሚለው ምክር ከሎስ አንጀለስና ከለንደን ክሊኒኮች አልፎ በቲክቶክ ዓለምን እያዳረሰ ነው። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ይህን ‹መከላከል› ይሉታል። የሚያናድደው የፊት ውበት ጉዳይ መሆኑ አይደለም፤ ሰው ከኩል ጀምሮ ራሱን ሲያስውብ ኖሯል፣ ወደፊትም ያስውባል። የሚያናድደው ያልተረጋገጠን ነገር ነጭ ጋዋን አልብሶ፣ እንደ ጥርስ ምርመራ ወይም እንደ ክትባት አስመስሎ፣ ምንም ላልሆነች የ23 ዓመት ወጣት መሸጡ ነው።

ማስረጃው የታለ ሲባል ደጋግሞ የሚመዘዘው ዶክተር ዊልያም ባይንደር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ነው። በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች ስንት ናቸው? ሁለት። አንድ ጥንድ መንትያ እህትማማቾች። አንደኛዋ ለ13 ዓመታት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ተወግታለች፤ ሌላዋ በዚያ ሁሉ ዘመን የተወጋችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ38 ዓመታቸው ሲነጻጸሩ መርፌውን ያዘወተረችው ግንባር ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። በሁለት ሰው ላይ የተመሠረተ ግኝት ለሐኪም የጥናት ጥያቄ ይሆነው ይሆናል፣ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ወጣቶች ምክር ግን አይሆንም። ከቁጥሩ የሚብሰው ደግሞ የጥናቱ ቅርጽ ነው። መርፌውን ሳታቋርጥ የኖረች ሴት ግንባሯ ቢለሰልስ የሚገርም ነገር የለውም፤ መድኃኒቱ ሥራው ያ ነው። ወጣቷ ማወቅ የሚገባት ለአሥር ዓመት ከፍላ ብታቆም ምን እንደሚተርፋት ነው። ያላቆመች ሴት ይህን ልትነግራት አትችልም። በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለዓመታት ተከታትሎ፣ መርፌው ከቆመ በኋላም ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት የለም። ስለሌለም ነው ሁለቱ እህትማማቾች ሃያ ዓመት ሙሉ ሸክሙን የተሸከሙት።

የመድኃኒቱ አሠራር ራሱ ተስፋውን አይደግፍም። ቦቶክስ የሚሠራበት የቦቱሊነም መርዝ ነርቭ ወደ ጡንቻ የሚልከውን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይገታል፤ ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻም አይኮማተርም። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ነርቩ ያገግማል፣ ግንባርም እንደ ቀድሞው ይቋጠራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 ቦቶክስን ለፊት ውበት ሲፈቅድ የተናገረው ስለ አዋቂዎች፣ በቅንድብ መካከል ስላለ መካከለኛ ወይም ጎላ ያለ መስመር፣ ስለ ጊዜያዊ መሻሻልም ነበር። የአወሳሰዱ መመሪያ ይህንኑ ያሳያል፦ በቅንድቦቹ መካከል አምስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ አራት ዩኒት፣ በድምሩ 20 ዩኒት፤ የሚወጋው መስመሩን የሚሠራው ጡንቻ ነው። ገና ያልተፈጠረን መስመር ስለማስቀረት ያ ፈቃድ አንድም ቃል የለውም። በዓመት ሦስት ጊዜ ቢሰላ፣ በ23 ዓመቷ የጀመረች ሴት 33 ሲሞላት ሠላሳ ጊዜ ተወግታ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ለአንድ ግምት ነው።

መስመር የሚወጣው ጡንቻ ቆዳን ደጋግሞ ስለሚያጥፍ ነውና ማጠፉን መቀነስ ይጠቅማል የሚል ሙግት ይነሳል። ሐሳቡ የሚሆን ይመስላል፤ የሚመስል ነገር ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ቆዳን የሚያስረጀው ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ኮላጅንን ታፈርሳለች፣ ሲጋራም እንዲሁ። መርፌው እነዚህን አይነካቸውም። ስለ ፀሐይ ደግሞ እውነተኛ ማስረጃ አለ። በአውስትራሊያ ናምቡር ከተማ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለአራት ዓመት ተኩል ተጠኑ። በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የተቀቡት ሰዎች የቆዳ እርጅና ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ ውጤቱም በ2013 ታተመ። ሁለት ሰውና 903 ሰው! የሃያ ዓመት ወጣት ቆዳዋን ለመጠበቅ ክሊኒክ ስትገባ መጀመሪያ ሊነገራት የሚገባው ይህ ነው። ቅባቱን ከፋርማሲ ገዝታ ትሄዳለች፤ በየአራት ወሩም ቀጠሮ አይያዝላትም።

መድኃኒቱ ለዓመታት የተፈተነ ነው፣ የማይግሬን ሕመምተኞችንም ይረዳል የሚሉ እውነታቸውን ነው። ሕመም ያለበት ሰው ከሥጋቱ ጋር የሚመዝነው ጥቅም አለው፤ ሕመምም መስመርም የሌላት ልጅ ግን በሚዛኑ አንድ ወገን የምታስቀምጠው የላትም። ሥጋቱ ደግሞ ተረት አይደለም። በእንግሊዝ በ2025 ከጁን መጀመሪያ እስከ ጁላይ አጋማሽ ብቻ ከውበት መርፌ ጋር የተያያዙ 38 የቦቱሊዝም፣ ማለትም በዚሁ መርዝ የሚመጣ ሕመም፣ ሕሙማን ተመዝግበዋል። መዋጥ የሚያቅታቸው፣ ንግግራቸው የሚጎተት፣ ሲብስም ለመተንፈስ እርዳታ የሚሹ ሰዎች ናቸው። ይህ የሆነው ባልተፈቀዱ ምርቶች ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ገና ደመወዝ የጀመረችን ወጣት በየአራት ወሩ ተወጊ ብሎ የሚመክር ሰው፣ ገንዘቧ ሲያጥር ርካሹን ፍለጋ የት እንደምትሄድ ያውቃል።

አዳዲሶቹ ምርቶችም የማስረጃውን ክፍተት አልሞሉትም። በ2022 የተፈቀደው ዳክሲፋይ ለብዙዎች ወደ ስድስት ወር ይቆያል። የመድኃኒት ኩባንያው አብቪ በኤፕሪል 2025 ፈቃድ የጠየቀበት ትሬኒቦትኢ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሠርቶ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ እስካሁን መርፌውን ፈርታ የራቀችው ሴት ደፍራ እንድትገባ የተመቸ ነው። አንዱ ቀጠሮውን ያራዝማል፣ ሌላው የመግቢያውን በር ያሰፋል። ለእነዚህ ምርቶች ምርምር ገንዘብ ያገኘ ኢንዱስትሪ የሃያ ዓመት ወጣቶችን ጥያቄ የሚመልስ ጥናት ለማካሄድም አቅም አያንሰውም። ጥናቱን ያካሂድ፣ ውጤቱን ያሳትም፤ እስከዚያ ድረስ ክሊኒኮች መከላከል የሚለውን ተስፋ ከማስታወቂያቸው ያውርዱ።